ከክፍሌ ውጭ ሰላም አልልሽም

የምስክር ቃል መቀበያ

ጉዳዩ፦ ዕድሜዋ 14 ዓመት የሆነ ተማሪ መጥፋት
ቃል ሰጪ፦ ሴት፣ ዕድሜ 43፣ ያላገባች
ሥራ፦ የትምህርት ቤት የሥነ ልቦና ባለሙያ
አድራሻ፦ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ባለ ሦስት ፎቅ የኪራይ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ፣ በወሩ 9ኛ ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት ጀምሮ
ማሳሰቢያ፦ ልጅቷ ለአካለ መጠን ያልደረሰች በመሆኗ በዚህ ቅጂ ላይ የማንም ስም አልሰፈረም።

እኔ አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ቃል ሰጪ፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ የሚከተለውን ለመርማሪው ተናግሬአለሁ። የመጣሁት ከቅዳሜ ጀምሮ የደረሰችበት ያልታወቀውን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በተመለከተ ነው። ልጅቷን ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ውስጥ አይቻታለሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። መርማሪው ለምን እንደዘገየሁ ጠይቀውኛል፤ በቅደም ተከተል እንድናገር ከፈቀዱልኝ እመልሳለሁ ብያለሁ፣ አለዚያ ነገሩ ይደበላለቅብኛል።

በትምህርት ቤቱ ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። የተማሪው ብዛት አንድ ሺህ ስምንት መቶ ገደማ ሲሆን የሥነ ልቦና ባለሙያ እኔ ብቻ ነኝ። ክፍሌ ቀድሞ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር፤ ዛሬም ዝናብ በጣለ ቁጥር የኳስ ላስቲክ ይሸታል። ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ቁልፉ ከአንገቴ የማይወርድ የፋይል ሣጥንና የግድግዳ ሰዓት አለኝ። ሰዓቱን የሰቀልኩት ከልጁ ጀርባ ነው፤ ልጅ ሰዓት እያየ አያለቅስም። መምህር ሲቀር ክፍል እንድይዝ እላካለሁ፤ በፈተና ሰሞን ፈታኝ ነኝ፤ ያረፈዱትን በር ላይ ቆሜ እንድመዘግብም ተደርጌ አውቃለሁ። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደሉም። እርሳቸው ዘንድ ግን ሁለት ሰው ተቀምጦ ማውራት ሥራ አይባልም። አንድ ቀን በሬን ከፍተው፣ ልጅ ፊት ለፊቴ እንባዋን እየጠረገች፣ «ነፃ ነሽ መሰለኝ?» ብለውኛል።

መምህራኑ በዕረፍት ሰዓት «የእብድ ሐኪሟ መጣች» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም «ካርድ ያወጣችሁ ተራ ጠብቁ» እላቸዋለሁ። በእኛ በኩል ቀልድ ነው፤ ልጆቹ ላይ ሲደርስ ግን ቀልድነቱ ያበቃል። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛ ዓመቴ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሱቅ ውስጥ ከእናቷ ጋር አገኘሁና፣ «እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ፣ ሐሙስ እጠብቅሻለሁ» አልኳት። እናትየዋ ማን እንደሆንኩ ጠየቀቻት። ልጅቷ ሐሙስ አልመጣችም። በሳምንቱ እናትየዋ ቢሮ ድረስ መጥታ «ልጄን እብድ ብላችሁ መዘገባችኋት» ስትል ግቢው ሁሉ ሰማ፤ መልቀቂያም ተወሰደላት። ያንን ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ በአንድ ሰላምታ።

ከዚያ ወዲህ ለሚመጣ ልጅ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የምናገረው አንድ ነው፦ «ከክፍሌ ውጭ ሰላም አልልሽም። ጠልቼሽ አይደለም፤ ማንም እንዳያውቅብሽ ነው። ቀድመሽ ሰላም ካልሽኝ ግን ደስ ብሎኝ እመልስልሻለሁ።» ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ በሙያችን የታወቀ አሠራር ነው። ሌሎች በልኩ ይይዙታል። እኔ ግን አንድ ጊዜ ስለተቃጠልኩ ሙጭጭ አልኩበት።

የጠፋችው ልጅ ወደ እኔ የተላከችው ከአምስት ወር በፊት ነው። የላከቻት የክፍሏ ኃላፊ መምህርት ናት። ልጅቷ ስታወራ ማቆሚያ ስላልነበራት ጓደኞቿ «ሬዲዮ» ይሏት ነበር። እናቷ ባለፈው ዓመት ታማ ከሞተችባት በኋላ ግን ዝም አለች፤ ክፍሉም «ሬዲዮዋ ባትሪ ጨረሰች» ብሎ ሳቀባት። የምትኖረው ከእናቷ ታናሽ እህት ጋር ነው። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከመኪናዋ አትነሳም፤ ልጅቷን እንደምትወዳት አልጠራጠርም። ልጅቷ እኔ ዘንድ መምጣቷን አክስቷ እንድታውቅ አልፈለገችም። ወላጆች በምዝገባ ጊዜ የሚፈርሙት አጠቃላይ ፈቃድ ስላለ እኔም አላስገደድኳትም።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀጠሮዎች አንድ ቃል አልወጣትም። እኔም አልነካኋትም። በአራተኛው ቀና ብላ፣ «ቲቸር፣ ያንቺ ሥራ ዝም ማለት ነው እንዴ?» አለችኝ። በክፍሌ ውስጥ አንቱታ አይገባም ብዬ ስለምነግራቸው ልጆቹ አንቺ ይሉኛል። «ሌላ ሥራ እስክትሰጪኝ ድረስ አዎ» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሬዲዮ ተከፈተ፤ ለመዝጋት የምቸገረው እኔ ሆንኩ።

ስለ ሰላምታው ደንብ ስነግራት «እንግዲህ እንደ ሌባ መተያየት ነው» ነበር ያለችው። ከደንቡ ጨዋታ አወጣችለት። ግቢ ውስጥ ስንተላለፍ ከንፈሯን ገጥማ፣ ዓይኗን አንድ ጊዜ ጣል አድርጋብኝ ወዲያው ታነሳና እንደማታውቀኝ ታልፋለች። ክፍሌ ገብታ በሩን ስትዘጋ በሳቅ ትፈርሳለች። «ዛሬ ጎበዝኩ አይደል? ዓይኔን እንኳን አላርገበገብኩም» ትለኛለች። እኔም «አንደኛ ወጣሽ» እላታለሁ። መርማሪው ይህ ለጉዳዩ ምን ይጠቅማል ብለው ጠይቀውኛል። እንዲጻፍልኝ ለምኛለሁ፣ ይጠቅማል።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ነገር ነገረችኝ። አባቷ ከእናቷ ጋር ከተለያየ ቆይቷል፤ በሌላ ከተማ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ይሠራል። የልጅቷ እናት ታማ ስትማቅቅ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ስላላለ፣ አክስትየዋ ስሙ ቤቷ ውስጥ እንዲነሳ አትፈልግም። ልጅቷ ግን በእናቷ አሮጌ ስልክ ውስጥ ቁጥሩን አግኝታ ደውላለት ነበር። ከዚያ በኋላ ተደዋወሉ። ይህን ከእርሷና ከአባቷ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። «ለአክስትሽ ንገሪያት» ብላት «እሷም ትሞትብኛለች» አለች። አንጀቴን በላችው። ጊዜ ወስደን አብረን እንነግራታለን ተባብለን ነገሩን ለወሩ መጨረሻ ቀጠርነው። በመመዝገቢያ ቅጼ ላይ «ድንገት ቢያምሽ ለማን ልደውል» የሚል መስመር አለ። የአክስቷን ቁጥር ካስሞላችኝ በኋላ እስክርቢቶውን ከእጄ ወስዳ ከሥሩ የአባቷን ጻፈች። ወረቀቱን ዛሬ ይዤ መጥቼ ለመርማሪው አስረክቤአለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ቀጠሮ ነበራት። የሒሳብ መምህሩ ስለቀረ የሰባተኛ ክፍልን እንድይዝ ተልኬ ስለነበር አላገኘችኝም። የያዝኩት ክፍል ከእኔ ክፍል ትይዩ ስለሆነ በመስኮቱ አያታለሁ። የተዘጋው በሬ ላይ ቆማ ሁለት ጊዜ አንኳኳች፤ የይለፍ ወረቀቷን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች። ዙሪያዋን ተማሪ ስለነበረ ወጥቼ አልጠራኋትም። በክፍል ኃላፊዋ በኩል ቀጠሮው ለማክሰኞ 4 ሰዓት መዛወሩን አስነገርኳት። ማክሰኞ ዛሬ ነው። አሁን በዚህ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት አራት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ይላል።

ቅዳሜ በወሩ 6ኛ ቀን፣ ከጠዋቱ 2፡10 ሰዓት ላይ በአውቶቡስ የተላከልኝን የመጠይቅ ካርቶን ለመቀበል መናኸሪያ ሄድኩ። ካርቶኑን ከዕቃ መቀበያው ወስጄ በሁለት እጄ አቅፌ ስወጣ በሦስተኛው የትኬት መስኮት ፊት ወደ አሥር የሚሆን ሰው ተሰልፏል። ልጅቷ ከመጨረሻው ሁለተኛ ነበረች። የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አንግታለች፤ ትከሻው የወረደባት የትልቅ ሰው ጃኬት ለብሳለች። የእናቷ ጃኬት ነው፤ እጅጌው እናቷን ይሸታል ብላ ነግራኛለች። በመካከላችን ያለው ርቀት ከዚህ ወንበር እስከ በሩ ቢሆን ነው።

አየችኝ፣ አየኋት። አራት ወይም አምስት ሰከንድ ተያየን። በጨዋታችን ጊዜ እንደምታደርገው ከንፈሯን ገጥማ ነበር። ዓይኗ ግን ከእኔ አልተነሳም። በጨዋታችን ዓይን ወዲያው ይነሳል። ይህን ልዩነት ልብ ብያለሁ፤ ልብ አላልኩም ብል እዋሻለሁ። አክስቷ አብራት ያለች መሰለኝ። ባነጋግራት አክስቷ «ማን ናት?» ትላለች፣ የአምስት ወር ልፋታችንን ውሃ በላው፣ ብዬ አሰብኩ። አክስቷ መኖር አለመኖሯን ግን ዞር ብዬ አልፈለግኩም። ቀድማ ሰላም እንድትለኝ ጊዜ ልስጣት ብዬ እርምጃዬን አዘገየሁ። የቦርሳዋን ማንገቻ ወደ ላይ ሳብ አደረገች እንጂ ምንም አላለችም። አውቄያት፣ ዓይን ለዓይን ተያይተን፣ ምንም ሳልናገራት አለፍኩ። በሩ ጋ ደርሼ ስዞር አሁንም እያየችኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ካርቶኑን ፈታሁ፤ መጠይቆቹን በየክፍሉ ለይቼ ደረደርኩ። ደንቤን በመጠበቄ በራሴ ኮርቼ እንደነበረም እናገራለሁ።

ሰኞ ጠዋት መጥፋቷን ሰማሁ። አክስቷ ቅዳሜ ማታ ለዚህ ጣቢያ አመልክታ፣ እሁድ የጓደኞቿን ቤት ስታስስ ውላ፣ ሰኞ ከረፋዱ 4 ሰዓት ግድም ትምህርት ቤት መጣች። ልጅቷ እኔ ዘንድ ትመጣ እንደነበር የነገረቻት የክፍል ኃላፊዋ ናት። የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ክፍሌ ገባች። ልጅቷ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች። «እህቴ፣ ምን ነገረችሽ? እኔን ጠልታ ነው የሄደችው?» አለችኝ። ተማሪዎች የሚነግሩኝን ማውጣት እንደማልችል መለስኩላት። በተረጋጋ ድምፅ ነበር ያልኩት፤ በዚህ ድምፅ ሠልጥኜበታለሁ። «ልጅ ናት እኮ! የልጅ ሚስጥር ምን ሊያህል ነው?» አለች። ተነስታ ስትሄድ በሩን እንኳ በኃይል አልዘጋችውም።

መርማሪው ለጠየቁኝ መልሴ ይህ ነው። የሕይወት አደጋ ባለበት ቦታ ሚስጥር እንደማይጠበቅ አውቃለሁ። ለሌሎች ባለሙያዎች በሥልጠና ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ነገር ግን ስለ አባቷ ብናገር ስለ መናኸሪያው መናገሬ አይቀርም፤ ስለ መናኸሪያው ብናገር ደግሞ «አይተሻት ምን አልሻት?» መባሌ አይቀርም። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ዝም አይነቅዝም እየተባልኩ ነው ያደግኩት፤ አንድ ቀን ዝም ብል ልጅቷ ራሷ ትመለስና ነገሩ በዚያው ይቀራል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። የእርሷን ሚስጥር ጠበቅኩ እያልኩ የራሴን እፍረት ደብቄአለሁ። ሙሉ አንድ ቀን ያባከንኩባችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

ከረፋዱ 4፡25 ሰዓት ላይ መርማሪው በቅጹ ላይ ወዳለው የአባቷ ቁጥር እኔ ባለሁበት ደወሉ፤ ድምፁንም ከፍ አድርገው አሰሙኝ። አባቷ ስልኩን ያነሳው በመጀመሪያው ጥሪ ነው። ልጅቷ አብራው እንዳለች ሲጠየቅ ሌላ ነገር ከመናገሩ በፊት «እናንተ ዘንድ አይደለችም?» አለ። ከዚያ የተናገረውን እንደሰማሁት አስመዝግቤአለሁ፦ «ቅዳሜ ጠዋት ከመናኸሪያ ደወለችልኝ። ‹አባዬ ልመጣ ነው፣ ግን ፈራሁ› አለችኝ። ‹ከፈራሽ ተመለሺ የኔ ልጅ፣ እኔ ፈቃድ ስወስድ መጥቼ አይሻለሁ› አልኳት። ትንሽ ቆይታ መልሳ ደወለች። ‹ቲቸር አየችኝ፣ ምንም አላለችኝም። ልክ ባይሆን ታስቆመኝ ነበር፣ በቃ እመጣለሁ› አለችኝ።» ቅዳሜ እስከ ማታ፣ እሁድም ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ በገባ ቁጥር በር ላይ ቆሞ እንደጠበቃት ተናገረ። ስልኳ ሲዘጋበት አክስቷ ደርሳባት አስቀርታታለች ብሎ ገመተ፤ ለአክስቷ ለመደወል ደግሞ ፊት አልነበረውም። እኔ በዚህ ጊዜ ውሃ እንዲሰጠኝ ጠይቄ ተሰጥቶኛል።

መርማሪው የአውቶቡሱን መስመር አጣርተው፣ ተሳፋሪ ለምሳ የሚወርድበት ከተማ ወዳለው ፖሊስ ደወሉ። ከዚያ የተሰጠውን መልስ መርማሪው ራሳቸው ነገሩኝ። ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ አንዲት ማንነቷ ያልታወቀ ልጅ ዋናውን መንገድ ስታቋርጥ የጭነት መኪና ገጭቷት ሕይወቷ ወዲያው አልፏል። አስከሬኗ በዚያው ከተማ ሆስፒታል ይገኛል። ስልኳ ተሰባብሯል፤ ቦርሳዋን አውቶቡሱ ይዞት ሄዷል። መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት በሰጠችው ቃል፣ ልጅቷ ምሳ አልበላችም፤ ወደመጣችበት የሚመለሰው አውቶቡስ በየትኛው በኩል እንደሚቆም ጠይቃት፣ ሴትየዋም በጣቷ ማዶውን አሳይታታለች።

መርማሪው ልጅቷ የምትለይበት ምልክት እንዳላት ጠየቁኝ። እናቷ ተኝታበት የነበረው ክፍል መጋረጃ ምን ዓይነት እንደነበረ አውቃለሁ። በምን ድምፅ እንደምትደነግጥ፣ በሕልሟ አባቷ ምን እንደሚላት፣ ስትዋሽ የትኛውን ጥፍሯን እንደምትነክስ አውቃለሁ። ሰውነቷ ላይ ምልክት ይኑር አይኑር ግን አላውቅም። ይህንኑ ተናግሬአለሁ።

አክስቷ ከጠዋት ጀምሮ በጣቢያው ኮሪደር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበርና ተጠርታ ገባች። ነገሩን ገና አልነገሯትም፤ ስለ ምልክት ብቻ ጠየቋት። «ቀኝ ጉልበቷ ሥር ጠባሳ አላት። ሦስት ዓመቷ ሳለ የእኔ መቀስ ወድቆባት ነው» አለች። መርማሪው ስልኩን እንደያዙ ይህንን ለዚያኛው ጣቢያ ደገሙላቸው፣ ጠበቁ፣ ከዚያም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አክስቷ ከፊታቸው አነበበችው። አልጮኸችም። ወደ እኔ ዞራ «ስታዪያት ብቻዋን ነበረች?» ብላ ጠየቀችኝ። ቃሌን ከኮሪደር ሰምታው እንደሆነ አላውቅም። «አዎ፣ ብቻዋን ነበረች» አልኳት። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መርማሪው ቃሉን በዚህ እናብቃ ብለውኝ ነበር፤ እስከ መጨረሻው እንዲጻፍ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

የተጻፈው ቃል በመርማሪው ተነቦልኛል። ስለ መናኸሪያው በተጻፈው ክፍል ላይ «በሰው ብዛት ምክንያት ልጅቷን በሚገባ ሳላስተውላት አለፍኩ» የሚል ሰፍሮ አገኘሁት። እኔ እንዲህ አላልኩም። መርማሪው «ያሉት እርስዎን የሚጎዳ ነገር ነው፤ ቃል በቃል ቢጻፍም ልጅቷን አይመልሳት፤ እንዲህ ቢቀመጥ ይሻልዎታል» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ አመሰግናቸዋለሁ። ዓረፍተ ነገሩ እንዲሰረዝና በምትኩ «አውቄያት፣ ዓይን ለዓይን ተያይተን፣ ምንም ሳልናገራት አለፍኩ» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቄ ተጽፎልኛል፤ በስርዙ ጎንም ፈርሜበታለሁ። ሌላው ሁሉ ከአፌ እንደወጣ ነው። ቃሌ እውነት ነው።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
የስርዝ ድልዝ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከረፋዱ 5፡35